የሁለት ደቂቃ ታሪክ ስንት ሰው ይፈልጋል?

ይህ ጽሑፍ አንድ የጥር ቅዳሜ በሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ፣ በሀበሾች መሰብሰቢያ አዳራሽ ስለ አንድ የኖርዝ ዳኮታ የሬዲዮ ፕሮግራም ያደረግሁት ንግግር ነው። በቃል ያልኩትን ለንባብ እንዲመች ትንሽ አቃንቼዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ብርድ ከቤት መውጣታችሁ ራሱ ውለታ ነው። በረካው እስኪደርስ ድረስ ብቻ እንድናገር ተፈቅዶልኛል። ስለዚህ አንድ ዓይኔ ጀበናው ላይ ነው።

እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ታውቁኛላችሁ፣ ትራክ ነጂ ነኝ። ሎድ ጭኜ ከዚህ በ94 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ እወጣለሁ። እስከ ፋርጎ ድረስ ምንም አይልም። ከፋርጎ እስከ ቢስማርክ ያለው ግን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሜዳ ነው። በብርዱ ወራት መሬቱም ሰማዩም አንድ ዓይነት ነጭ ይሆናል። መጀመሪያ ለሚስትህ ትደውላለህ። ከዚያ ለወንድምህ። ከዚያ ሲያትል ላለው ጓደኛህ። የምትደውልለት ሰው ሲያልቅብህ ሬዲዮ ትከፍታለህ።

አንድ ኖቬምበር 2 ቀን ጠዋት ሬዲዮውን ከፈትኩ። አንድ የተረጋጋ ድምፅ ስለ 1889 ያወራል። በዚያን ቀን ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን ፊት ሁለት ወረቀት ቀረበ። አንዱ ኖርዝ ዳኮታን፣ ሌላው ሳውዝ ዳኮታን ሙሉ ክፍለ ግዛት የሚያደርግ ነው። ሁለቱ እኔ ልቅደም እኔ ልቅደም ሲባባሉ ከርመዋል። ሃሪሰን ምን አደረገ መሰላችሁ? ወረቀቶቹ እንደ ካርታ እንዲበወዙ አዘዘ። ስማቸው ተሸፈነ። ፈረመ። ከዚያ እንደገና ተበወዙ። የትኛው እንደቀደመ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። በፊደል ተራ ኖርዝ ስለሚቀድም እሷ 39ኛ ተባለች፣ ሳውዝ 40ኛ።

እናቴ ለእኔና ለወንድሜ ሙልሙል ስታካፍል ከጀርባዋ ደብቃ «ግራ ወይስ ቀኝ?» ትለን ነበር። እሷ ትዝ አለችኝ፤ ብቻዬን ሳቅሁ። ድምፁ በሁለት ሦስት ደቂቃ ጨርሶ፣ ትንሽ ሙዚቃ አስገብቶ ጠፋ።

ፕሮግራሙ «ዳኮታ ዴትቡክ» ይባላል። የዳኮታ የቀን መዝገብ እንደማለት ነው። የሚያስተላልፈው ፕሬሪ ፐብሊክ የተባለው የሕዝብ ጣቢያ ነው፤ ዋና ቤቱ ፋርጎ ነው። ከ2003 ጀምሮ ነው ያለው። ነገሩ ቀላል ነው፦ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? በዚህ ቀን፣ በዚህ አገር፣ ምን ሆኖ ነበር? ይኸው ነው። በቀን ደጋግመው ያሰሙታል፤ ጠዋት ያመለጠህን ከሰዓት ትይዘዋለህ።

ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱ ስንክሳር ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? ካህኑ ገጹን ገልጦ «በዛቲ ዕለት» ብሎ ይጀምራል። በዚህች ቀን እገሌ ጻድቅ ዐረፈ፣ በዚህች ቀን እገሊት ሰማዕት ሆነች። አጭር ነው። ነገ ደግሞ ሌላ ይነበባል። ሲያልቅ ሰላምታዋ ግጥም አለች። ዳኮታ ዴትቡክን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ይኸው ነው፤ የገበሬ፣ የሸሪፍና የበረዶ አውሎ ነፋስ ስንክሳር። ግጥሟ ብቻ የለችም። በእሷ ቦታ የጸሐፊው ስም ይነገራል።

እኔን የያዘኝም ያ ስም ነው። በየቀኑ መጨረሻ ላይ ስም ይጠራሉ፤ ጸሐፊው እገሌ። ከዚያ ደግሞ፦ ከኖርዝ ዳኮታ የታሪክ ማኅበር ጋር በመተባበር፣ ገንዘቡ ከእገሌ። አንድ ሰው ነው የሚያወራኝ ስል ለካ ከኋላው ሰልፍ አለ። ሰልፉን ወደ ኋላ ልከተለው ብዬ ነው ነገሩን የጀመርኩት።

ሰልፉ ፊት ላይ ያለው ድምፁ ነው። ለዓመታት የዳኮታ ዴትቡክ ድምፅ ሜሪል ፒፕኮርን የሚባል የፋርጎ ሰው ነበር። ኋላ የክፍለ ግዛቷ ሴናተር ሆነ። በ2024 ደግሞ በዴሞክራቶች በኩል ለገዥነት ተወዳድሮ ተሸነፈ። በዚያ አገር ዴሞክራት ሆኖ ገዥ መሆን ዳገት ነው፤ ብዙም አይፈረድበትም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሬዲዮ ላይ ድምፁ የተሰማው ሰው የታሪኩ ባለቤት ይመስላል። ካህኑ ስንክሳሩን የጻፈው አይመስልህም፣ ሬዲዮ ላይ ግን ይመስልሃል።

ከድምፁ ኋላ ጸሐፊዎቹ አሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደጋግሞ የሚጠራው የሜሪ ሄልም ስም ነበር። ቆይቶ እጁ በዛ። ስቲቭ ሆፍቤክ የሚባል በሙርሄድ ከተማ የታሪክ ፕሮፌሰር የነበረ ሰው ጽፏል። ጂም ዴቪስ ጽፏል፤ እሱ የክፍለ ግዛቷ ቤተ መዛግብት ሠራተኛ ነበር፣ ሰው መጥቶ ሲጠይቅ መዝገብ ፈልጎ የሚያወጣው። ሌሎችም ብዙ አሉ።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ለሁለት ደቂቃ ተኩል የሚነበብ በእንግሊዝኛ ከ400 ቃል ብዙም አይበልጥም። ቅዳሜና እሁድን ብናወጣ እንኳ በዓመት 260 ገደማ ነው። ሕዝቧ በ2020 ቆጠራ 779,094 የሆነ ክፍለ ግዛት ነች፤ የአዲስ አበባን ሩብ እንኳ አይሞላም። ለንደንን ወይ ሮምን በየቀኑ ጻፍ ብትባል ምንም አይደል። ኖርዝ ዳኮታን በየቀኑ? ለዚያውም ከሃያ ዓመት በላይ?

አንዷን ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። ማርች 15 ቀን 1920። ሴንተር በምትባል ከተማ አቅራቢያ የበረዶ አውሎ ነፋስ ተነሳ። ሄዘል ማይነር 15 ዓመቷ ነው። ከታናሽ ወንድሟና ከታናሽ እህቷ ጋር ትምህርት ቤት ናት። አባትየው በፈረስ መጣ። ልጆቹን በፈረስ በሚጎተተው የበረዶ ጋሪያቸው ላይ አሳፈረና «የእኔን ፈረስ አምጥቼ እመራችኋለሁ፣ ጠብቁኝ» ብሎ ዞር አለ። በዚያች ቅጽበት የጋሪው ፈረስ በሩን አልፎ ወጣ። ነጩ ዋጣቸው። አባት ሲመለስ የሉም።

ጋሪው ተገለበጠ። ሄዘል ሁለቱን ብርድ ልብስ ላይ አስተኝታ፣ ካፖርቷን ከፍታ በላያቸው ተጋደመች። እንዳይተኙ ታስዘፍናቸዋለች፣ እጅና እግራችሁን አንቀሳቅሱ ትላቸዋለች። ከ25 ሰዓት በኋላ ተገኙ። ሁለቱ ልጆች በሕይወት ነበሩ። እሷ አልነበረችም። ዛሬ ሴንተር ከተማ ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ መታሰቢያ ድንጋይ አላት።

አሁን ይህን በ400 ቃል ጻፉት። አባትየው ላይ ስንት ቃል ታጠፋለህ? ዕድሜ ልኩን ያችን «ጠብቁኝ» ይዞ የኖረ ሰው ነው። ፈረሱ ላይስ? ልጆቹ አድገው የተናገሩት ላይስ? ካፖርቷ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ከሰጠህ ለፍለጋው የቀረህ አንድ ነው። እኔ አንድ ቀን መኪና ማቆሚያ ላይ ቆሜ በአማርኛ ሞከርኩት። 900 ቃል ሆነብኝ። እየሰረዝኩ 600 ደረስኩ። ከዚያ በታች እምቢ አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጸሐፊውን ስም ሲጠሩ ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ።

ግን ጸሐፊውም ከራሱ አያመጣውም። የሰልፉ መጨረሻ ገና ሩቅ ነው።

አንድ ጊዜ የክፍለ ግዛቷ ዋና ከተማ ቢስማርክ ውስጥ ሎድ እስኪደርሰኝ አንድ ሙሉ ቀን ተቀመጥኩ። ከመሰላቸት ብዬ ወደ ቤተ መዛግብቱ ሄድኩ። ቦታው የክፍለ ግዛቷ ምክር ቤት ግቢ ውስጥ ነው። የመንጃ ፈቃድ አሳየሁ፣ ገባሁ። የትራክ ነጂ ቦት ጫማዬን ማንም ቀና ብሎ አላየውም። አንዲት ሴትዮ «ምን ልፈልግልህ?» አለችኝ። ምን እንደምፈልግ አላውቅም። «ጋዜጣ» አልኳት። «የየት ከተማ?» አለች። ሴንተር አልኩ፤ ሌላ አልመጣልኝም።

ማይክሮ ፊልም አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደ ድሮ የፎቶ ፊልም ጥቅልል ነው። ማሽን ላይ ታስገባዋለህ፣ እጀታውን ታዞራለህ፣ ጋዜጣው በመብራት ፊትህ ላይ ይሮጣል። ትንሽ ካዞርክ ዓይንህ ይዞራል፤ ተራራ ላይ አውቶቡስ የተሳፈርክ ነው የሚመስልህ። እና ምን አለበት? እገሌ እሁድ ምሳ እገሌ ቤት በላ። የእገሌ ላም ጠፋች። እገሊት ከጥርስ ሐኪም ተመለሰች። ለሁለት ሰዓት ይህን አነበብኩ። መጀመሪያ አሳቀኝ። በኋላ ሳቄ ቆመ። ላሟ ከመቶ ዓመት በኋላ አለች! አያቴ ስንት ላም እንደነበራቸው ዛሬ የሚነግረኝ የለም።

ይህ ሁሉ እንዲሁ አልተረፈም። ጋዜጦች ቅጂያቸውን ወደ ቤተ መዛግብቱ እንዲልኩ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ያን ማይክሮ ፊልም ያነሳ ሰው አለ። መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠ ሰው አለ። ስማቸው ሬዲዮ ላይ አይጠራም።

ደግሞ ዕድልም አለ። ዲሴምበር 28 ቀን 1930፣ እሁድ ጠዋት፣ የድሮው ምክር ቤት ሕንጻ ተቃጠለ። እሳቱ የተነሳው ከጽዳት ሠራተኞች ዕቃ ማስቀመጫ ነው ይባላል፤ ዘይት የነካው ጨርቅ ራሱን አቀጣጥሎ። የክፍለ ግዛቷ ዋና ጸሐፊ ሮበርት በርን መስኮት ሰብሮ ገባ። እጁ ተጎድቶ የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ይዞ ወጣ። ብዙ የመንግሥት መዝገብ ግን እዚያው አመድ ሆነ። የታሪክ ማኅበሩ ዕቃስ? በ1924 ወደተሠራው ጎረቤት ሕንጻ ተዛውሮ ስለነበር ተረፈ። የአንድ ቤት ለውጥ ነው ያዳነው። ያ ባይሆን ዛሬ ብዙ ጠዋት ሬዲዮው የሚያወራው ባጣ ነበር።

የታሪክ ማኅበሩን እግር ያስያዘው ኦሪን ሊቢ የሚባል ፕሮፌሰር ነው። ከ1903 ጀምሮ ለዓመታት ሠራለት። በ1912 ደግሞ በሕይወት የነበሩትን የአሪካራ ነገድ ቃፊሮች አስቀምጦ ቃላቸውን ተቀበለ። እነዚህ በ1876 ከአሜሪካ ጦር አዛዥ ከከስተር ጋር ሊትል ቢግሆርን ወደተባለው ታዋቂ ሽንፈት የዘመቱ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ሰው ስለ ከስተር ሲያወራ እሱ የተረሱትን ጠየቀ። ዘግይቶ ነው፣ 36 ዓመት አልፎታል። ግን ጠየቀ።

ከሰልፉ ሰዎች ሁሉ የምወደው ግን ይህኛውን ነው። በ1930ዎቹ፣ ሥራ በጠፋበት ዘመን፣ የአሜሪካ መንግሥት ሥራ ፈት የነበሩ ሰዎችን ቀጥሮ «በየገጠሩ ሂዱ፣ የሰውን የሕይወት ታሪክ ጻፉ» አላቸው። ቅጽ ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ። ሮስ የምትባል ትንሽ መንደር ደረሱ። እዚያ ሶርያውያን ሙስሊሞች አገኙ፤ በ1900 አካባቢ መጥተው መሬት ተመርተው ስንዴ የሚያርሱ። በ1929 መስጊድ ሠርተዋል። በአሜሪካ ለመስጊድነት ተብለው ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ጎጆ ታክል ነበር፣ ግማሽ አካሏ መሬት ውስጥ ነበር። ሜሪ ጁማ የምትባል እናት ለጠያቂው ሁሉን አጫወተችው፤ ከአገሯ እንዴት እንደወጣች፣ ሮስ እንዴት እንደደረሰች።

የድሮዋ መስጊድ በ1970ዎቹ ፈረሰች። በ2005 ምትኳ ትንሽ መስጊድ ተሠራች። መካነ መቃብሩ መግቢያ ላይ ጨረቃና ኮከብ ያለበት የብረት ቅስት አለ፤ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ዙሪያው ስንዴና ንፋስ ነው። ባትሪ ባለቀበት ስልክ ፎቶ ላነሳ ሞክሬ አልተሳካልኝም። ያ ቅጽ የያዘ ሰውዬ ግን እርሳስ ብቻ ይዞ ተሳካለት። ደሞዙን ሊቀበል ነው የዞረው፣ ታሪክ ላድን ብሎ አይደለም። እንደሚመስለኝ ብዙውን ነገር ያዳኑልን እንዲህ ዓይነት ሰዎች ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አልወደድኩላቸውም። ወይም ልበል፣ የቀን መዝገብ ሲባል የሚመጣ ችግር አለ። ታሪክ ሁሉ ቀን የለውም።

ሜይ 20 ቀን 1948 የተነሳ አንድ ፎቶ አለ። የአሜሪካ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ተቀምጦ ይፈርማል። አጠገቡ የማንዳን፣ የሂዳትሳና የአሪካራ ሕዝቦች ሊቀመንበር ጆርጅ ጊሌት ሱፍ ለብሶ ቆሟል። በእጁ ፊቱን ሸፍኖ ያለቅሳል። የሚፈረመው ለጋሪሰን ግድብ የሚሆን መሬት ነው፤ 152 ሺህ ኤከር፣ ማለት ከ61 ሺህ ሄክታር በላይ። ይህ ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ ፎቶ አለው። ለሬዲዮ የተሠራ ነው።

ውሃው ግን ቀን የለውም። ግድቡ በ1953 ወንዙን ዘጋ፣ ውሃው ቀስ እያለ መጣ። ኤልቦውድስ የምትባለዋ ከተማቸው ሐይቅ ሥር ገባች። ቤታቸውን በመኪና ጭነው ወደ ደጋው ያወጡ አሉ። አንዲት ሴት ከወንዙ ዳር የምትለቅመው የዱር ፍሬ የጠፋው በየትኛው ቀን ነው? ማን ይጽፈዋል?

በዚያ አገር ታሪክን በሌላ መንገድ የሚቆጥሩ ነባር ሕዝቦችም አሉ። የላኮታና የዳኮታ ሰዎች «የክረምት ቆጠራ» የሚሉት አላቸው፤ ክረምት ማለት እዚህ የበረዶው ወራት ነው። ቆዳ ላይ ለየዓመቱ አንድ ሥዕል ይሥላሉ። ዓመቱ ቁጥር የለውም፤ ስም ነው ያለው። በ1833 ኖቬምበር ላይ ተወርዋሪ ኮከብ እንደ ዝናብ ወረደ። በብዙ ቆዳዎች ላይ ያ ክረምት «ኮከቦች የወደቁበት» ነው። ሥዕሉን ያዩ ሽማግሌ ከዚያ ተነስተው ሌላውን ያወሩታል።

ይህን ስሰማ አያቴን ነው የሰማሁት። «መቼ ተወለድሽ?» ሲሏት «በኅዳር በሽታ ጊዜ» ነበር የምትለው። እናቷ ደግሞ የክፉ ቀን ልጅ ነበረች። አክስቴ «ጣሊያን ሲገባ የምድህ ነበርኩ» ትላለች። እንግዲህ ልደት በተባለ ቁጥር ፎርም ላይ ጃንዋሪ 1 ያስሞላችሁ ሁሉ እጃችሁን አውጡ... አያችሁ? አዳራሹ ሙሉ የክረምት ቆጠራ ነው።

ደግነቱ ፕሮግራሙም ይህን ሳያየው አልቀረም። ዘግይተው «የሽማግሌዎቻችን ትምህርት» የሚል ተከታታይ ጨመሩበት። በዚያኛው የነባር ሕዝቦቹ አዛውንቶች በራሳቸው አንደበት ያወራሉ። ቀን መኖሩ ግዴታ አይደለም።  አንድ ጊዜ አንዲት አሮጊት በመሃል ትንፋሽ ሲያጥራቸው ሰማሁ። አልቆረጡትም። ጎበዞች ብያለሁ።

ገንዘቡን ቶሎ ልንገራችሁና ወደ እኛ እንሂድ፤ ጀበናው ሲወርድ አይቻለሁ። በየቀኑ መጨረሻ ስሙ የሚጠራው ገንዘብ ሰጪ ሂውማኒቲስ ኖርዝ ዳኮታ የሚባል ድርጅት ነው። ድርጅቱ በበኩሉ ከፌዴራል መንግሥት ድጎማ ያገኝ ነበር። በ2025 ኤፕሪል ላይ ለየክፍለ ግዛቱ እንዲህ ዓይነት ድርጅት ይሰጥ የነበረው ድጎማ ተቋረጠ። በጁላይ ደግሞ ኮንግረስ ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ተመድቦ የነበረ 1.1 ቢሊዮን ዶላር መልሶ ወሰደ። ትልቅ ከተማ ያለ ጣቢያ አድማጩን ለምኖ ይኖራል። ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ያለ ጣቢያ ግን ማንን ይለምናል? እኔ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ 60 ዶላር ላክሁ። ለስንት ዓመት በነጻ ሰምቼ፣ ሐፍረት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን። ለምን ይህን ሁሉ ታወራለህ ልትሉኝ ትችላላችሁ።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ላሪ ስፕረንክ የሚባል ሰው የታሪክ ማኅበሩ ልኮት ቴፕ ይዞ ኖርዝ ዳኮታን ዞረ። ከአንድ ሺህ በላይ ሽማግሌና አሮጊት ቀዳ። ቴፖቹ ዛሬም አሉ። ይህን ባነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔም ቴፕ ነበረኛ!

በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። አባቴ ከጓዳ ወንበር አምጥቶ ተቀመጠና በጣሊያን ጊዜ ልጅ ሆኖ ያየውን አወራ። እንዴት ጫካ ውስጥ እንዳደሩ፣ ጥሬ ቆርጥመው። እኔ የጎረቤት ቴፕ ተውሼ ቀዳሁት። 60 ደቂቃ፣ ሁለቱም ገጽ። ካሴት ላይ ከላይ በኩል ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ፤ ከሰበርካቸው ማንም በላዩ ሊቀዳ አይችልም። አባቴ «ንብረት አታበላሽ» አለኝ። አልሰበርኳቸውም። ከሁለት ዓመት በኋላ ወንድሜ ለሰርግ የዘፈን ስብስብ ቀዳበት። ገጽ ሁለት መጨረሻ ላይ ዘፈኑ ሲያልቅ ስምንት ሰከንድ ያህል የአባቴ ድምፅ ተርፏል። «...በኋላማ ዝናቡ ጣለ» ይላል። ከዚያ ካሴቱ ቀጭ ይላል። ወንድሜን አልተጣላሁትም። ጥርሶቹን ያልሰበርኩት እኔ ነኝ።

እኛ ጠባቂ አጥተን አይደለም። አገር ቤት ወመዘክር አለ። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከ1941 ጀምሮ አለ፤ «አዲስ ዘመን ድሮ» እያለ የቆዩ ዜናዎቹን መልሶ ሲያትም የቤት ኪራይና የጠፋ በቅሎ ሳይቀር እናነባለን፣ እንስቃለን። እዚህ ሚኒሶታ ያለነውን ግን የትኛው ጋዜጣ ነው የሚጽፈን? የመጀመሪያውን እንጀራ የጋገረችው ማን ናት? በምን ዱቄት? የመጀመሪያው ዕድር የት ቤት ተሰበሰበ? የመጀመሪያውን ሬሳ ወደ አገር ቤት ለመላክ ገንዘቡን ማን አዋጣ? ሰዎቹ አሉ። አንዳንዶቹ እዚህ ተቀምጠው ፈንድሻ እየበሉ ነው።

ስለዚህ እኔ ያሰብኩት እንዲህ ነው። ጣቢያ አያስፈልገንም፣ ፕሮፌሰርም ቢኖር ጥሩ፣ ባይኖርም ግድ የለም። በወር አንድ ቅዳሜ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ስልክ። የቀዳነውን ሦስት ቦታ እናስቀምጥ፤ አንዱ ከሰው ስልክ ውጭ ይሁን። ስምና ከተማ እንጻፍበት። አጭሩን በኋላ የሚያሳጥር ይመጣል። ጨረስኩ፣ ቡናው ይቀዳ።

ንግግሩ እዚህ ላይ ነበር ያለቀው። ጥያቄ አላችሁ ወይ ሲባል ከፊት የተቀመጡ አንዲት እትዬ እጃቸውን አወጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው «ልጄ፣ ቀኑን የማያውቅ ሰውስ?» አሉ።

«የምን ቀን እትዬ?»

«እዚህ አገር የገባሁበትን። ወረቀቴ ጠፍቷል። ከሱዳን ነው የመጣሁት። በገባሁ በሳምንቱ ይመስለኛል፣ ማታ በር ተንኳኳ። ስከፍት ሰይጣን የሚመስሉ ትንንሽ ልጆች! አማተብኩና ዘጋሁት። ይቅር በለኝ፣ አምላክ የላካቸው ነው የመሰለኝ። ጠዋት ደግሞ ልወጣ በሩን ብገፋ አይከፈትም። በረዶው በሩን ዘግቶታል። የጎረቤት መኪና የለም፣ ጉብታ ብቻ።»

አዳራሹ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ከኋላ አንድ ታክሲ ነጂ ጮኸ፦ «ሃሎዊን! 1991!» ሌሎችም ተቀባበሉት። ሚኒሶታ የኖረ ሰው ያን በረዶ አይረሳውም፤ ኦክቶበር 31 ጀምሮ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ላይ 28.4 ኢንች ጣለ፣ 72 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው።

እትዬ ዞረው ታክሲ ነጂውን አዩት። «አንተ ነበርክ እንዴ?» አሉት።

«እኔማ ያኔ አዲስ አበባ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ።»

የማኅበሩ ጸሐፊ ልጅ፣ እዚሁ የተወለደችው፣ ወንበሯን ጎትታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ስልኳን ስኒዎቹ መሃል አቆመች። በተሰባበረ አማርኛዋ «እማማ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለቻቸው።

«ከሱዳን ልጀምር ወይስ ከበሩ?» አሉ።